ለአማካሪያችን የተላኩ ሽማግሌዎች

ያን ክረምት ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ሰው አጥተን ሥራችን ሊቀርብን ነበር። ሥራችን መልእክትን በምስጢር የሚቆልፍ የስልክ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገልጦ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ወስዶም ይሠራበታል። የተማሪዎችን ሥራ የሚደግፈው የዩኒቨርሲቲው ክፍል ሐሳቡን ወዶት ነበር፤ ግን እስከ አዲስ ዓመት ሙያውን የሚያውቅ አማካሪ ካላገኛችሁ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን አለን። በኢሜይል ያልለመንነው ሰው የለም። ገሚሱ ዝም አለ፤ ገሚሱ መልካም ዕድል ተመኘልን። መልካም ዕድል ምን ሊሠራልን! ተናድጄ ወረታ ከተማ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ።

የምንፈልጋት ሴት ወረታ እንዳለች የሰማሁት እዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታወቀች የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ ነበረች፤ እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ሥራዋን ትታ መጣች። በቴሌግራም ደጋግሜ ጻፍኩላት። በመጨረሻ “ጊዜ የለኝም፣ ይቅርታ” ብላ መለሰችልኝ።

ተስፋ ቆርጬ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ያለ ደብር ቄስ ናቸው።

“አሠራሩን ለሌባው እያሳያችሁ ነው የምትቆልፉት?” አሉኝ።

“አሠራሩን ማንም ይየው፤ ቁልፉ ከሌለው አይከፍተውም።”

ትንሽ አሰቡበት። “እንግዲያው መቆለፉን ታውቁበታላችሁ። መለመኑን ነው የማታውቁት። አስተማሪ በስልክ ይለመናል እንዴ ልጀ? ሽማግሌ ይላካል እንጅ!”

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሩዝ አምራች ጎረቤቶቻችንን አስከትለው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። እኔም ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ተከተልኳቸው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ነበረች። ግቡ፣ ተቀመጡ ብትል ወይ ፍንክች! “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ አባቴ። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ “ማነው እሱ?”

“ሽማግሌዎች ነን እሜቴ” አለ አንዱ ጎረቤታችን።

የእናትየው ድምፅ እንደ ጤነኛ ሰው ጠነከረ። “በክረምት! በዚህ ጭቃ! ምን ያህል ቢቆርጥ ነው! ኧረ የማን ልጅ ነው? አስገቡልኝና ልየው!”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሴትዮዋ ታላቅ እህቴን በዕድሜ ትበልጣለች። እሷ ግን መቃኑን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

“ለጋብቻ አይደለም እሜቴ፣ ለትምህርት ነው” አሉ አባቴ።

“ምነው! ደስ ብሎኝ ነበር እኮ” አሉ እናትየው።

አባቴ ጉዳዩን ዘርዝረው ሲጨርሱ ሳቋ ቆመ። “አባቴ፣ ልመናዎን ንቄ አይደለም። እናቴን ማን ያይልኛል? ኮምፒውተር ላይ ካፈጠጥኩ ሲጣሩ እንኳ አልሰማም።”

እኔ ኮርታ ነው ብዬ ነበር። አባቴ ግን መልሱን አላጡም፤ “ለምነን ዞር አንልም። ሽማግሌ የገባበትን ጉዳይ ዳር ሳያደርስ አይለቅም። ከሰዓት ከሰዓት እኔ እሳቸው ዘንድ እቀመጣለሁ። አገልግሎት ሲገጥመኝ እኒህ አሉ።”

እኒህ የተባሉት ጎረቤቶቻችን ክው አሉ። የሩዝ አረም ወቅት ነው፤ አጅበው ሊመለሱ ነበር የመጡት። ተያዩና፣ “እንዳሉት ይሁን” አሉ። እሷም እሺ አለች። በዚያች ሰዓት እጃቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት አባቴ ከእናትየው አልጋ አጠገብ ሲቀመጡ እሷና እኔ እደጁ ክፍል ላፕቶፑን ከፈትን። መልእክት ቆልፈህ ላክልኝ አለችኝ። “ይህን ማንም አያነበውም” ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኮዳችንን ሳትቸኩል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ከዚያ ጥቂት መስመሮች ጻፈችና፣ “ይህን ማንም አያነበውም” ብላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

“ቁልፉን የምታወጡት ከስልኩ ሰዓት ነው” አለች። “መቼ እንደላክህ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ሞክሮ ያገኘዋል።” ማላገጥ የለ፣ መኮፈስ የለ። ወራት የለፋንበት ሥራ ዓይኔ እያየ ፈረሰ፤ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እንዲህ የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ቁልፉን ከስልኩ ሰዓት እንዳናወጣ አድርገን ኮዱን አስተካከልን። ስህተቱን ዝም ብለን እንለፈው ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። “ሰው አምኗችሁ ምስጢሩን ሊሰጣችሁ ነው። ምን እንደተሳሳታችሁ ኮዱ ካለበት ገጽ ላይ ጻፉት።” ጓደኞቼ በስልክ ጮኹ፤ ሥራችንን የሚደግፈው ክፍል ይህን ካየ አለቀልን አሉ። “ይየው” አለች። ስህተታችንን አንድ ሳናስቀር አጻፈችን፤ ከሥሩም አማካሪ ብላ የራሷን ስም አሰፈረች። ያን ሁሉ ዓመት ያከበረችውን ስሟን ከእኛ ውርደት ሥር አኖረችው።

ክፍሉ አይቶት ተቀበለን። አሁንም ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ከአባቴ ጋር እንሄዳለን። ገና ከበሩ ስንደርስ እናትየው ከአልጋቸው ይጣራሉ።

“መጣህ? ልጀን ልትወስድብኝ?”

“ለከሰዓት ብቻ ነው እማማ።”

“በል፣ በደህና መልሳት።”

አባቴ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በሩ ላይ ያወልቃሉ። እሷ ከአልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ትነሳለች፤ እሳቸው ይቀመጡበታል።