ግማሽ ጺም

ታላቅ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። «ነበር» ማለት አልወድም፤ ያን ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት ስወስደውም «ነው» እያልኩ ነበር።

መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ በግራው በኩል ያለ ነገር ሁሉ ለእሱ የለም። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ይበላና «ምነው፣ ቁጠባ ጀመራችሁ እንዴ?» ይላል። ሳህኑን ሳዞርለት ደግሞ የደበቅኩትን ያወጣሁ ይመስለዋል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ዓይኑ ጤነኛ ነው አሉን፤ የተጎዳው ፈራጁ ነው። እሱ ግን ምንም የጎደለው አይመስለውም፤ ሲነግሩት ይስቃል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነግሮናል። ሐኪም ቤቱ ይችላል ካለ ወንበሩ የእሱ ነው፤ አይችልም ካለ ሌላ ሰው ይቀጥርበታል። ወንድሜን ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው የዚያ ወንበር ተስፋ ብቻ ነው።

የምትመዝነው ወጣት ባለሙያ ናት። ሥራዋ የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን መሥራት ይችል እንደሆነ አሠርቶ ማየት ነው። «የሚያውቁትን ይሥሩልኝ» አለችው። ለዚሁ ብዬ ጺሜን አሳድጌ ነበር፤ የመላጫ ማሽኑንም ከቤት ይዘን መጥተናል።

ጨርቁን አንገቴ ላይ ሲያስር እጁ ያው የድሮው እጅ ነው። «እግዜር ለወንድሜ መልክ ባይሰጠውም ትዕግሥት አልነሳውም» አላት። ሳቀች። አለፈልን ብዬ ልቤ ዘለለ። ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ በእሱ ቀኝ በኩል የዋለውን የግራ ጉንጬን ጥርት አድርጎ ላጨው። አገጬ መሐል ሲደርስ ማሽኑን አጠፋ።

ያልተነካውን ጉንጬን ቀስ ብዬ ወደ ቀኙ አዞርኩለት።

«እባክዎ፣ አያግዟቸው» አለችኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም። እኔ ግን ጠላኋት።

«ጨረሱ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«እስኪ ደግመው ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ ጨርቁንም አራገፈ። «ሙሽራ አስመሰልኩት እኮ።»

ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አናገረችኝ። «ወደ ግራ መፈለግን እናለማምዳቸዋለን። አሁን ግን ሰው ፊት ላይ ምላጭ ያንሱ ማለት አልችልም» አለች። ምናለ ብትዋሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያንገበገበኝ እውነቷን መሆኑ ነው። የቀረውን ጺሜን ልላጭልዎት ስትለኝ እምቢ አልኳት። እሱ በሠራው ላይ ሌላ እጅ እንዲገባ አልፈለግሁም።

በቀኙ ሆኜ ክንዱን ይዤ ወጣን። መንገደኛው ዞር እያለ ያየኛል፤ አንዷማ አፏን በእጇ ሸፍና አለፈች።

«አየህ ማሙሽ፣» አለኝ ደስ ብሎት፣ «ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎብሃል። ወንበሬ ላይ ስመለስ ማን እንዳስተካከለህ እየነገርክ ደንበኛ ትልክልኛለህ።»

«እጅህን ቁርጥማት አይንካው፣ ጋሼ» አልኩት።