እህቴን የዳርኩ ዕለት

ያን ቀን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ አጎቴ አያ ይማም ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳው በር ወሰደኝ። ሁለት ምስክሮች ከኋላችን ራቅ ብለው ቆመዋል። እህቴ ዘሀራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ስምንት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ፣ አሊፍ ባ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ባሏ ለንግድ መተማ ወርዶ በወባ ከሞተባት ወዲህ ወደኛው ቤት ተመልሳ ጥጥ እየፈተለች ትኖር ነበር። አባታችንም ሲሞት ወሊዋ፣ ማለት ጋብቻው በኒካህ ሲታሰር ቃል የሚሰጥላት ወንድ፣ እኔ ሆንኩ። አፍንጫዬን ስትጠርግልኝ የኖረችውን ሴት ዳሪዋ እኔ!

ለሚስትነት የጠየቃት አራዳ፣ ጣሊያን የሠራው ሕንፃ ሥር ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው። ሚስት አለው፤ ዕድሜውም ከአጎቴ አያንስም። አጎቴ ግን «ሸጋ ሰው ነው፣ ዲኑን የሚያውቅ» ብሎ ጨርሶታል።

«ዘሀራ፣ ወንድምሽ እንዲድርሽ ፈቅደሻል?» አላት በመጋረጃው በኩል።

ዝም።

ሦስቴ ጠየቃት። ሦስቴም ዝም...

«በቃ! የሴት ልጅ ዝምታ ፈቃዷ ነው» አለና ወደ ምስክሮቹ ዞረ።

እኔ እህቴን አውቃታለሁ። ደስ ሲላት ትስቃለች፣ ትቀልዳለች። ዝም የምትለው ሲከፋት ነው። ይሄን እያወቅኩ... እልፍኝ ገብቼ ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ ፊት ተቀመጥኩ። ሸሁ በቅርብ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ ቤተሰባችንን አያውቁም።

«ፈቅዳለች ወይ?» አሉኝ።

አጎቴን አየሁት። በሱ ሸማ ቤት ነው የምሠራው፣ እንጀራችንም ከሱ ነው።

«አዎ፣ ፈቅዳለች» አልኩ። የሙሽራውን እጅ ይዤ «እህቴን ዘሀራን ለአንተ ድሬያለሁ» አልኩ።

ሊወስዷት የታሰበው በማግስቱ ነበር። ጠዋት ስንነሳ የለችም። ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ሸሁ ቤት ሄዳለች!

ብዙም ሳይቆይ እኔና አጎቴ ተጠራን። ሸሁ ተቆጥተዋል።

«ይህች ሴት አግብታ ታውቃለች?»

«አዎ፣ ባሏ ሞቶባት ነው» አለ አጎቴ።

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝም? ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው ለልጃገረድ ነው፣ ስለምታፍር። አግብታ የምታውቅ ሴት በአንደበቷ እሺ ማለት አለባት!»

«ብላለች እኮ። ቀስ ብላ እሺ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ አጎቴ።

«ወላሂ አላልኩም!» አለች ዘሀራ በሩ ሥር ቆማ።

ሸሁ አንዴ እሷን፣ አንዴ አጎቴን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ወሊዋ አንተ ነህ። አላህን ፍራና ተናገር። ብላለች ወይስ አላለችም?»

አጎቴ አፍጦብኛል...

«አላለችም» አልኩ። «ትናንት ዋሽቼዎት ነው።»

ኒካሁ ፈረሰ። አጎቴ ከሸማ ቤቱ አባረረኝ፤ እስኪሞት ድረስም ሰላምታዬን አልመለሰልኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘሀራ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብያለሁ...

«እትዬ፣ ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል» አለች፣ ግን ፊቷ አልተፈታም። «ብቻ እንድሪስ... ከገዛ አፌ የወጣውንና ያልወጣውን እንኳ እኔ ብናገር አልታመንኩም። አንተ እስክትናገር ተጠበቀ። ትናንት የዋሸኸው አንተ!»

ይኸው ሰማንያ ልደፍን ነው... ያ ቃሏ ዛሬም ይከነክነኛል።