የእማዬ ትኬት

እህቴ ከሞተች አምስት ወር ሊሆናት ነው። ስለ እሷ ልጽፍ ስቀመጥ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ ስላጠራቀመችው ገንዘብ ልጻፍ። እሱን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ።

በሰባት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ያደግነው አዲስ አበባ ነው፣ በስደት። ሁለታችን ወደ አገራችን፣ ወደ ጁባ ስንመለስ እማዬ እዚያው ቀረች። እኔና እህቴ ሃይ ማላካል ሰፈር አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየን። ብቻችንን ስንሆን የምናወራው በአማርኛ ነበር። እሷ ማላኪያ ገበያ በአንድ ኢትዮጵያዊ ሐጂ መደብር ጨርቅ ትሸጣለች። እማዬን በአውሮፕላን ለማምጣት ቆርጣ ነበር።

ገንዘቡን የምታስቀምጠው በስልኳ በከፈተችው የባንክ የቁጠባ ሂሳብ ነው። ግብ ትጽፋለህ፤ እስኪሞላ ድረስ ማውጣት የለም። ይህን የመረጠችው "እጄን አላምነውም" ብላ ነው። ዓርብ ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ ሲሄዱ መደብሩ ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ ትልካለች። ቤት ስትመጣ ስልኩን ታሳየኛለች። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ቀስ እያለ የሚሞላ አረንጓዴ ክብ አለው፤ ክቡ በሞላ ልክ የእማዬን ጉዞ በጨዋታ ታወራልኛለች።

"እማዬ ዛሬ ሻንጣዋን ዘጋች" ትለኛለች።

"ባለፈው ሳምንትም ዘግታ ነበር።"

"ጫማዋን ረስታ ከፈተችው። አንተ ልጅ፣ እናትህን አታውቃትም እንዴ?"

ከወራት በኋላ በጨዋታችን እማዬ ቦሌ ደረሰች። ቀጥሎ ወረፋ ያዘች። አንድ ዓርብ እኔ ለስልክ ማሠሪያ ስለወሰድኩባት የምትልከው አልነበራትም። "ፓስፖርት ማሳያው ጋ አቆምካት። እግሯን እያመማት ነው" አለችኝ። ቀልድ ነው፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ከራሴ ጨመርኩላት።

ከዚያ ወባ ያዛት። በአራተኛው ቀን ሞተች።

እማዬ ለቀብሯ አልደረሰችም። በስልክ "መቃብሯን አሳየኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

የእህቴን መታወቂያና የሞት ምስክር ወረቀት ይዤ ባንክ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየች።

"ይህች እህትህ አይደለችም። የሂሳቡ ባለቤት ከእሷ በስምንት ዓመት ትበልጣለች" አለችኝ።

ገባኝ። መታወቂያዋ የወጣው እዚህ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ስልኩ ላይ ስትሞላ ግን የልደት ዓመቷን ትምህርት ቤት እንደለመደችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስገብታዋለች። ላስረዳ ሞከርኩ። እንግሊዝኛዬም ዓረብኛዬም ተምታታብኝ። "ማሌሽ፣ ይቅርታ" አለችና ወረቀቶቼን መለሰችልኝ።

ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን የግድግዳ ካሌንደራቸውን ከምስማሩ አወረዱና "ና ልጄ" አሉኝ። ባንክ ገብተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው እያሳዩ በጁባ ዓረብኛ አስረዱ። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ታዲያ እኔ እናንተ አገር ብሄድ ስምንት ዓመት ይቀነስልኛል?"

"ይቀነስልሻል" አሉ ሐጂ። "ጉልበትሽ ግን አይመለስም።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፈርኩ። ሐጂ በምስክርነት ፈረሙ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ገንዘቡ ግን ወጣ።

ለትኬቱ ጥቂት ይጎድል ነበር። ሐጂ "ልሙላልህ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እሷ የነበረችበት ቦታ ቆሜ ጨርቅ እየሸጥኩ ሞላሁት። መጀመሪያ ላይ ጨርቅ መለካት እንኳ አልችልም ነበር። ደንበኞቿ በእኔ ይስቁ ነበር፤ ግን ከእኔ ይገዛሉ። አሁን በአማርኛ የማወራው ከሐጂ ጋር ብቻ ነው።

እማዬ ባለፈው ማክሰኞ መጣች። አየር ማረፊያው በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። መጀመሪያ ትንሽ ትረፍ ብዬ ነበር፤ አልተስማማችም። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዘን በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄድን። አፈሩ ላይ ተቀመጠች። በአገራችን ቋንቋ ብዙ ነገር ነገረቻት። ተቆጣቻትም። እኔ ጥላ ስር ቆሜ ጠበቅኩ።

ሲበቃት እጇን ዘረጋችልኝ። ይዤ አነሳኋት። ቀላል ነበረች። እንዲህ ትቀላለች ብዬ አልጠበቅኩም።