የአርዲቦው ፓምፕ ዘንግ፣ የታረመ እትም

መምህር ሰይድ ይማም ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በቀብራቸው ላይ ከውጫሌ ቶርኖ ቤት ብረት ቀራጮች እስከ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ገበሬዎች ድረስ ያልመጣ አልነበረም። ለእኔ የቴክኒክ ንድፍ አስተማሪዬ፣ በኋላም እዚሁ ከተማ ባለው የንድፍ ወርክሾፕ አለቃዬ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸው ነው፤ አንድ ነገር ለማረምም ጭምር።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙበት ሥራ ለብዙዎቻችሁ ግልጽ እንዳልነበረ አውቃለሁ። የአንድ ዕቃ ንድፍና መረጃ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሳይዛባ እንዲሻገር የተዘጋጁ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። መምህር ሰይድ የእነዚያን ደረጃዎች ቃላት በአማርኛ ይሰበስቡ ነበር፤ «ክፍል» ምንድን ነው፣ «የሚፈቀድ ልዩነት» እስከ ምን ድረስ ነው፣ «እትም» የሚባለው መቼ ነው። እኛ ሐይቅ ከተማ እንነድፋለን፤ ውጫሌ ያሉት ብረቱን ይቀርጻሉ። በቃሉ ካልተስማማን ብረቱም አይገጥምም።

ቃል የሚመርጡት ቢሮ ተቀምጠው አልነበረም። ንድፍ የሚሠራውንና ብረት የሚቀርጸውን ከዕቃው ፊት ጎን ለጎን ያቆሙና ቃሉን ጠርተው «በሉ ጣታችሁን አኑሩበት» ይላሉ። ሁለቱ ጣቶች አንድ ቦታ ካላረፉ ቃሉ ወደ ደብተራቸው አይገባም። ባጃጅ ላይም አያርፉም። ሹፌሩን ስለ ብሎን ዓይነት ሲጠይቁ መውረጃቸውን አልፈው ስንት ጊዜ በእግራቸው ተመልሰዋል! እኛም ስቀንባቸዋል።

ከዓመታት በፊት የአርዲቦ ገበሬዎች የመስኖ ፓምፕ ዘንግ ተሰብሮ ሥራው ወደ እኛ መጣ። ንድፉን ሠርቼ ወደ ውጫሌ ላክሁ። በማግስቱ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ማለትም ኩሽኔታው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ አቅጥኜ መንደፌን አየሁና አርሜ እንደገና ላክሁ። የእትሙን ቁጥር ግን አልቀየርኩም። ስማቸውም ቁጥራቸውም አንድ የሆነ ሁለት ንድፎች ደረሷቸው፤ ቶርኖ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ከፍቶ ቀረጸ። ዘንጉ ሲገጠም ላላ። ሌላ እስኪቀረጽ ፓምፑ ቆመ፤ የሽንኩርት ችግኙም ደረቀ።

መምህር ሰይድ አርዲቦ ሲወርዱ ተከተልኳቸው። ወይዘሮ ከድጃ የተባሉ ገበሬ ከደረቀው መደብ ዳር ቆመው ጠበቁን።

«አንቱን አምነን ነው ቁጭ ያልነ። ማነው እንዲህ ያረገን?» አሏቸው።

አፌን ልከፍት ስል መምህር ሰይድ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ንድፉ የኔ ነው፣ ከድጃ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ችግኙን ኢንሻ አላህ አብረን እንተክለዋለን።»

እንዳሉትም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሦስት ቀን ተከሉ። ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፤ ዛሬ ስምሽ ከተበላሸ ነገ ሥራ የሚሰጥሽ የለም። እኔን ግን ያውቁኛል። የተለወጠ ነገር ቁጥሩ ካልተለወጠ፣ ተደበቀ እንጂ አልታረመም። ይቺን ብቻ ያዢ።»

ከዚያ በኋላ በአካባቢው የላላ ነገር ሁሉ «የሰይድ ዘንግ» ተባለ። እሳቸው ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ መጀመሪያ ፈርቼ፣ በኋላም ዘግይቻለሁ ብዬ አፍሬ ዝም አልኩ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ አንድ ሽማግሌ ይህችን አባባል በፍቅር አነሷት፤ ሰዉም ፈገግ አለ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደብተራቸውን ሰጠችኝ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ምሳሌው ከማን እንደተገኘ ስም ይጽፉ ነበር። «እትም» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ፦ «የአንድ ንድፍ አንዱ መልክ፤ ሲለወጥ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ምሳሌ፦ የአርዲቦ ፓምፕ ዘንግ።» የስሙ ቦታ ባዶ ነበር። የእኔን አልጻፉም፤ ውሸት እንዳይሆንም የራሳቸውን አልጻፉም።

ጋሼ ሰይድ፣ ትናንት አርዲቦ ወርጄ ለወይዘሮ ከድጃ ነገርኳቸው። «እሳቸውስ ተሸከሙልሽ፤ አንቺ ምነው ቆየሽ?» አሉኝ። ዛሬ የምኖርበት ሥራ፣ ሰው የሚያከብረኝ ስም፣ እርስዎ ያን ቀን ክንዴን ይዘው ያተረፉልኝ ነው። አመሰግንዎታለሁ። በባዶው ቦታ ላይ «ጥሩወርቅ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ስለ ዘንጉ እስከ ዛሬ ሲነገር የኖረው የመጀመሪያው እትም ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ነው፣ የፊተኛውንም ሽሮታል። ዘንጉ የእኔ ነበር። አሁን ሸክሙን ያውርዱትና በሰላም ይረፉ።