ታቦት የሌላት ቤተ ክርስቲያን

ዝናብ የመታው ድንጋይ ሽታ እስከ ዛሬ አይስማማኝም። ዊንጌት ላይ ከታክሲ ወርጄ በመቃብሩ አጥር ሥር ሳልፍ እርምጃዬን የማፈጥነውም ለዚህ ነው። ጓደኞቼ መቃብር የምፈራ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው።

አባቴ የባዕድ ወታደሮች መቃብር ጥበቃ ነበር። መሐሉ ላይ፣ ጦርነታቸው ካለቀ በኋላ አገራቸው ያሠራችላቸው የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አለች። እንደኛዎቹ ክብ አይደለችም፤ አራት ማዕዘን ናት፣ ግድግዳዋ ጥቁር ድንጋይ፣ መስኮቶቿ እጅ የማያሾልኩ ጠባቦች። መቅደስ የላት፣ መጋረጃ የላት። ከወለሉ እስከ ጣራው ሥር የሟቾች ስም ተቀርጿል። በቀትር እንኳ ውስጧ ይጨልማል፤ ሰው ካሳለ ሳሉ ዞሮ ይመለስበታል።

"እናቶቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፤ መጥተው ማልቀስ አልቻሉም። ለዚያ ነው የተሠራችው" ይለን ነበር አባቴ።

ወንድሜ ዘምቶ መደወል ካቆመ በኋላ እናቴ እዚያ መመላለስ ጀመረች። ጫማዋን አውልቃ ትገባና የወንድሜን የክርስትና ስም እየጠራች ትጸልያለች። አባቴ በጣም ተቆጣ።

"ታቦት የላትም እኮ። የሙታን ቤት ናት፤ የቁም ሰው ስም አይጠራባትም። አታሟርቺበት።"

"እነሱስ የእናት ልጆች አይደሉ?" አለችው። መሄዷንም አልተወችም። እኔ ግን የአባቴ ፍርሃት ተጋባብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቃት።

አንድ የክረምት ምሽት አባቴ ከሥራ ሲገባ ጋቢው ርሶ እንደዚያች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይ ድንጋይ ይሸት ነበር። እራት አልቀርብም አለ። "በርዶኛል።" እናቴ በግድ ብታጎርሰው አኘከ፣ አኘከ፣ መዋጥ አቃተው። መርዶ በማታ አይነገርም። ሽማግሌዎች ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ለሱ ነግረውት፣ እስኪነጋ ብቻውን እንዲችለው አደራ ብለውት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ሊነጋጋ ሲል የውሻ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ሳይ የሰፈሩ ሰዎች ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ደጃችን ላይ ቆመዋል። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። በሩ ተንኳኳ። ልከፍት ስነሳ እናቴ ቀደመችኝና መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ገብቷታል።

"አትክፈቺ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልጄ ትንሽ ይቆይልኝ።"