ማህተሟን አሳልፋ የሰጠች ፈታሽ

ማንግ ፒልሱን ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ የገዛ ስሟ የተቀረጸበትን ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም ነበር። በሶምጂን ወንዝ ዳር፣ በሃዶንግ ገጠር በምትገኘው የትውልድ መንደሯ ማህተም የወንዶች ነበረ። አባቷ መሬት ሲሸጡ አትመዋል፤ ታላቅ ወንድሟ ለውትድርና ሲመዘገብ አትሟል፤ የሴት ልጅ ስም ግን ሲጠራ ይሰማል እንጂ ሲታተም አይታይም። ስለዚህ በቡሳን፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው የቾንግሶል ራዲዮ ፋብሪካ፣ የፍተሻ ክፍሉ አለቃ ታክ ጊሆ በመሀረብ የተጠቀለለች፣ ከጣት የማትበልጥ የእንጨት ማህተም ባስረከቧት ዕለት፣ ልጅቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ስሟ የሚጻፍባቸውን ሦስት ፊደላት ተራ በተራ አነበበቻቸው። ከጎኗ ትሠራ የነበረችው ባልንጀራዋ ቡንዬ፣ ነገር በዝምታ ሲያልፍ መቻል የማይሆንላት ሴት ስለነበረች፣ «ይኸው ሹም ሆንሽ! እንግዲህ ሽንት ቤት ስንሄድም ማህተም ልታስመቺን ነው?» ብላ ረድፉን ሁሉ አሳቀችው።

ፒልሱን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ስትቀጠር ፋብሪካው አርባ ሠራተኛ የያዘ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከሰው የማያደማምጥ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ግን ስድስት መቶ እጅ የሚንቀሳቀስበት፣ ሦስት ፎቅ ያለው የጡብ ሕንጻ ሆነ። ይህን ያህል ያሳደገው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቱ ኦም ዴሺክ ነበሩ። እኒህ ሰው የጎማ ጫማ አድርገው ከሠራተኛው ቀድመው የሚገቡ፣ ምሳቸውን ከሠራተኛው ጋር ተሰልፈው ኪምቺ የሚባለውን የኮመጠጠ ጎመንና ገብስ የተቀላቀለበት ሩዝ የሚበሉ፣ ነገር ግን በተቆጡ ጊዜ ሕንጻውን ራሱን ትንፋሹን የዋጠ የሚያስመስሉ ሰው ነበሩ። «ጃፓን የሚሰማው፣ አሜሪካ የሚሰማው ራዲዮ እንሠራለን» ያሉ ጊዜ ብዙዎች በልባቸው ስቀውባቸዋል። የሳቁት ሁሉ በኋላ ሣጥን ሲያሽጉና ሣጥኑን በመርከብ ሲጭኑ ታይተዋል።

የፒልሱን ሥራ መስማት ነበር። ተገጣጥሞ የመጣውን ራዲዮ ጆሮዋ አጠገብ ከፍታ ታስቀምጥና ምግብ በሚበላበት ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ጀርባውን ቀስ አድርጋ ትመታዋለች። ብየዳው የጠበቀ እንደ ሆነ ድምፁ ሳይናወጥ ይቀጥላል፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትያያዝ ቀርታ እንደ ሆነ ግን ራዲዮው እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል። ይህን ጆሮ ያስተማሯት አለቃ ታክ ነበሩ። ዓይኗን በጨርቅ አስረው መቶ ራዲዮ በተከታታይ አስመትተዋት ሰባቱን ሕመምተኞች አንድ ሳትስት ለይታ ባወጣች ቀን፣ ሰው ማመስገን የማይወዱት ሰውዬ «ጆሮሽ ከኔ ይሻላል» ብለዋት ነበር። ያለፈውን ራዲዮ የውስጥ ካርድ በቀይ ቀለም ታትምበታለች። የፋብሪካው ሕግ አጭርና የማያሻማ ነበር፤ ራዲዮው የትም አገር ይሂድ፣ በካርዱ ላይ ስሙ የታተመ ሰው ይጠየቅበታል።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር ወር የአባቷ የመጀመሪያ ሙት ዓመት ደረሰና ፒልሱን የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ወደ ውጭ የሚጫነው ራዲዮ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። አለቃ ታክ ፈቃዱን አልከለከሏትም፤ ልብሷን ለውጣ ስትወጣ ግን በሩ ላይ አግኝተው፣ ማህተሟን ትታላቸው ትሂድ ዘንድ፣ ሥራው እንዳይስተጓጎል በእርሷ ፈንታ እርሳቸው ሰምተው እንደሚያትሙላት ነገሯት። ፒልሱን አላመነታችም። በሃዶንግ መንደሩ ሁሉ ማህተሙን በመንደሩ ሹም መሳቢያ ትቶ ወደ እርሻው የሚወርድ ነበር፤ ደብዳቤ ቢመጣ፣ ማዳበሪያ ቢታደል፣ ሹሙ ያትምለታል። ታላቅ ሰው ማህተምሽን ስጪኝ ሲል መስጠት አክብሮት ነው፤ መከልከል ግን ሌባ ነዎት ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር የሚተናነስ አልነበረም። በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ ጎንበስ ብላም ወጣች።

አምስት ወር አለፈ። በኤፕሪል ወር አንድ ጠዋት፣ ሠራተኛው በግቢው ተሰልፎ የማለዳውን እንቅስቃሴ ሠርቶ እንደ ጨረሰ፣ ማንም ወደ ሥራው እንዳይገባ ተነገረ። ከመጋዘኑ ደጃፍ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች በተርታ ቆመው ነበር። ቡንዬ ሽልማት ነው ብላ ገመተች፤ ምናልባትም ብርድ ልብስ፣ ያም ባይሆን ስኳር። ጨርቁ ተገለጠ፤ ብርድ ልብስም ስኳርም አልነበረም። በጠረጴዛዎቹ ላይ የተደረደሩት ባሕር ተሻግረው የሄዱት የገዛ እጃቸው ሥራዎች፣ ጀርባቸው ተከፍቶ፣ ካርዳቸው ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ተመልሰው የመጡ ራዲዮዎች ነበሩ። ከያንዳንዱ ጠረጴዛ ፊት የአንድ ፈታሽ ስም በትልቁ ተጽፏል። በአንዱ ላይ አራት፣ በሌላው ላይ ስድስት፣ በሌላው ሁለት ራዲዮ ተቀምጧል። የማንግ ፒልሱን ስም የተጻፈበት ግን አንድ ጠረጴዛ አልበቃውም፤ ሦስት ጠረጴዛ ተገጣጥሞለት፣ የተረፈው በመሬት ላይ ተከምሯል። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነበሩ።

ፒልሱን ስሟን በሕይወቷ ይህን ያህል ጊዜ ተደጋግሞ አይታው አታውቅም፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ፣ ቀይ ሆኖ፣ በፀሐይ ላይ። ማንም ሳይጠራት ወደ ፊት ሄደች። አንዱን ራዲዮ ከፈተችና በጣቷ ጀርባውን መታችው፤ ተንጣጣ። ሁለተኛውን መታች፤ ተንጣጣ። ሦስተኛውን ስትመታ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት «ኧረ ይብቃት» ስትል ተሰማ። ፒልሱን አልሰማችም፤ ዓይኗ ከማህተሙ ሥር ባለው ቀን ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ኖቬምበር አሥራ አንድ። ኖቬምበር አሥራ ሁለት። ኖቬምበር አሥራ ሦስት። ከእነዚህ ሌላ ቀን የተጻፈበት ካርድ ፈልጋ አጣች።

ፕሬዚዳንት ኦም አጠገቧ ቆመው ነበር። ሊጮኹ ነው ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተሳሳተ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ማህተሙ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«እነዚህን ሰምተሽ ነው ያሳለፍሻቸው?»

«አንዱንም አልሰማሁም። በእነዚያ ቀኖች የአባቴን ሙት ዓመት ላወጣ ሃዶንግ ነበርኩ።»

«ማህተምሽስ?»

«በገዛ እጄ ለሰው ሰጥቼው ሄድኩ።»

«ለማን?»

ፒልሱን ወደ አለቃ ታክ ዘወር አለች። አንድ እርምጃ ይራመዳሉ ብላ ያለ ጥርጥር ጠበቀች፤ እርሷ ሳትናገር እርሳቸው ይናገራሉና። አለቃ ታክ ግን የጫማቸውን ጫፍ እያዩ ነበር። ጆሮዋን የሰጧት ሰው፣ ዓይኗን አስረው ያስተማሯት ሰው፣ ከጫማቸው ጫፍ ቀና አላሉም። ራዲዮዎቹን ባየች ጊዜ ያልነካት አንድ ነገር አሁን ልቧን መታው፤ ስማቸውን ትጠራ ዘንድ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ራርታላቸው አልነበረም፤ ተማሪ የመምህሩን ስም በሰው ፊት አንሥቶ ሲከስ እንዴት እንደሚጀምር ከቶ ስለማታውቅ ነበር።

ሕጉ ሕግ ነበርና አናጢው መጋዙን ይዞ ተጠራ። የጥፋተኛ ፈታሽ ማህተም በሠራተኛው ፊት ለሁለት ይቆረጣል፤ ባለ ማህተሟም ወደ ብየዳ ረድፍ ትመለሳለች። ፒልሱን ማህተሟን ከኪሷ አውጥታ አስቀመጠች። ይህን ጊዜ ከኋላው ረድፍ የቡንዬ ድምፅ መጣ።

«አለቃ ታክ፣ የታሰረው እግርዎ ነው ወይስ ምላስዎ?»

ሴት ሠራተኛ አለቃን በአደባባይ እንዲህ ስትናገር በቾንግሶል ግቢ ተሰምቶ አይታወቅም። ጥቂቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አለቃ ታክ ከሰልፉ ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ያተምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንዱንም አልሰማሁም፤ ጊዜ አልነበረም። መርከቡ ጎደሎ ጭኖ ከሚሄድ ፋብሪካው ቢዘጋ ይሻላል ብለው መልእክትዎን በድምፅ ማጉያ በቀን ሦስት ጊዜ ያስነበቡን እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። እኔ ፋብሪካው እንዳይዘጋ ፈልጌ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚያ ግቢ የቆሙት ሁሉ እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲያወሩት ኖረዋል፤ ሲያወሩትም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ፕሬዚዳንት ኦም እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና የዝሆን ጥርስ ማህተማቸውን አወጡ። ይህ ማህተም ለባንኩ፣ ለጉምሩኩ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የፋብሪካው ቃል ነው፤ ያለ እርሱ አንድ ሣጥን ከደጅ አይወጣም፣ አንድ ሠራተኛ ደመወዝ አያገኝም። ማህተሙን ከአናጢው ፊት አኖሩት።

«ከኔው ጀምር» አሉ።

የሒሳብ ክፍሉ ሹም፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የአናጢውን ክንድ ያዙ። አናጢው ራሱ መጋዙን መያዝ አቅቶት ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው። ሦስተኛ ጊዜ ቆረጠው፤ የዝሆን ጥርሱ ሲቆረጥ የወጣው ድምፅ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጆሮ የሚሰቀጥጥ ነበር። ቀጥሎ የፒልሱን ማህተም ተቆረጠ። የእርሷ እንጨት ነበርና ቶሎ አለቀ።

ፕሬዚዳንቱ እዚያው ቆመው አዘዙ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱን ራዲዮ አለቃ ታክ እንደ ተራ ሠራተኛ ይበይዷቸዋል፤ ማንግ ፒልሱን ትሰማቸዋለች፤ ያለቁ ቀን አዲስ ማህተም ይሰጣታል፤ ከመካከላቸው አንዲት ራዲዮ ዳግመኛ ብትመለስ ግን ማህተም የሚባል ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አትይዝም።

ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት፣ አርባ ቀን ተቀመጡ። እርሳቸው ይበይዳሉ፤ እርሷ ትመታለች። የተንጣጣውን ያለ ቃል ወደ እርሳቸው ትገፋዋለች፤ እርሳቸውም ያለ ቃል ይቀበሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ገፋች፤ ሃያ ዓመት መበየጃ ያልያዘ እጅ ነበርና። ሌሎቹ ፈታሾች በዚያ በኩል ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ፒልሱን የሚከብዳት የእርሳቸው ውርደት ይሁን የራሷ አደጋ ለይታ አታውቀውም ነበር፤ የምታውቀው፣ በእያንዳንዱ ራዲዮ ላይ ስሟ ዳግመኛ እንደሚፈረድበት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ራዲዮ ሳይንጣጣ ያለፈ ቀን፣ ከቢሮ የመጣው አዲሱ ማህተም ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ፣ አለቃ ታክ መበየጃቸውን አስቀምጠው ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ያን ቀን በር ላይ ስጠይቅሽ እምቢ ብትይኝ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

ፒልሱን ክው አለች። ይህን ሰውዬው ለአርባ ቀን በሆዳቸው ይዘውት እንደ ነበር አሁን ገባት። ለመቆጣት ፈለገች፤ ነገር ግን የወጣው ቁጣ አልነበረም።

«እምቢ ብልዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

አለቃ ታክ ለመዋሸት አልሞከሩም፤ ጥያቄውን በእውነት አሰቡበት።

«ባለጌ እልሽ ነበር» አሉ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ባለጌ ነኝ» አለች ፒልሱን፤ ማህተሙንም አንሥታ በመጨረሻው ካርድ ላይ መታች።

ከሁለት መቶ አሥራ ስምንቱ አንዱም አልተመለሰም። ፋብሪካው ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ማቀዝቀዣ እያለ ስሙ ቀድሞ በማይታወቅባቸው አገሮች ሁሉ ተነገረ፤ ማንግ ፒልሱንም በዚያው በፍተሻ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገለች፣ በኋላም አለቃ ሆነች። ብዙ ታላላቅ ሰዎች፣ አንድ ጊዜም የፕሬዚዳንት ኦም ልጅ ራሳቸው፣ ለአንዲት ቀን ማህተሟን ትታላቸው እንድትሄድ ጠይቀዋታል። አንዳቸውም አላገኙትም። «የቾንግሶል ባለጌ» እያሉ ያሟት ነበር፤ እርሷም ሰምታ አትቆጣም።