ሽኩር ያጣጣለው ዲስክ

መተማ ዮሐንስ ላይ ፊልም የሚጭን ሞልቷል፤ አይቶ የሚጭን ግን ሽኩር ብቻ ነበር። ሰሊጥ ለማረም ወደ እርሻ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ስለሚከርሙ ስልካቸውን በፊልም ሳይሞሉ አይሄዱም። ሽኩርም ለእያንዳንዱ ፊልም ፍርዱን ይሰጣቸዋል። ይሄኛው መሃሉ ላይ ይንዛዛል፣ ያኛው ደህና ጀምሮ መጨረሻው ይበላሻል ይላቸዋል። ሲኒማ ቤት ተደብቀው የቀረጹትን ብዥታ ደግሞ «አቧራ» ብሎ ይወረውረዋል። ገበያ ቢያሳጣውም አይዋሽም፤ ጉራ ቢጤም አታጣውም።

ጥርት ያለውን ኦሪጅናል ዲስክ፣ ብሉሬይ የሚሉትን፣ ከካርቱም የሚልክለት አብሮ አደጉ ኸሊፋ ነበር። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ የኸሊፋ ድምፅ ጠፋ። ሽኩር ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የሚሻገረውን ሁሉ እየያዘ ሲጠይቅ ከረመ። በዚያው ሰሞን የሚደርሰው ፊልም ሁሉ ይደበዝዝበት ጀመር፤ ዘመኑ ነው የተበላሸው እያለ ቀጂዎቹን ይራገማል።

አንድ ከሰዓት የኸሊፋ ሚስት ሐሚዳ ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ ሱቁ ደጃፍ ቆመች። ሽኩር ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ኸሊፋስ አላት። ደህና ነው አለችው። ምን ትበል? መርዶ ገበያ መሃል ቆመው አይነግሩትም፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው። ከጓዟ ውስጥ ዲስክ አውጥታ፣ ላንተ ብሎ ያስቀመጠው ነው ብላ ሰጠችው።

ሽኩር በደስታ የሚሆነውን አጣ። ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠ።

«አቧራ ነው» አለ ደንበኞቹ እየሰሙት። «ኸሊፋም እንደ ሌሎቹ ማታለል ጀመረ? ይምጣ ብቻ፣ እነግረዋለሁ።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ሐሚዳ አልሳቀችም።

«ወላሂ ሽኩር፣ ጥርት ያለ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «የሰውየው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል እኮ።»

ሽኩር ወደ ደንበኞቹ ዞረ። አንዳቸውም አላስተባበሏትም። ስክሪኑን በእጅጌው ጠርጎ ደግሞ አየው፤ ያው ነው። ወደ ሐሚዳ ቢዞር የእሷም ፊት እንደዚያው ደብዝዟል። የደከመው ዓይኑ መሆኑ ያኔ ገባው። ፊቷ ላይ ያለውን ሐዘን አጥርቶ ማየት ቢችል ኖሮ ስለ ኸሊፋ ባልጠየቃት ነበር።

ሽማግሌዎቹ በነጋታው ማለዳ መርዶውን ይዘው መጡ። ሽኩር አምርሮ አለቀሰ። ከሞቱም ይበልጥ ያንገበገበው፣ መቃብር የገባ ወዳጁን በሰው ፊት አታላይ ማለቱ ነው። ሐሚዳ ይቅር ብላዋለች፤ ቃሉ ግን ከሱቁ ወጥቶ ገበያውን ዞሯል፤ በየትኛው አፍ ይመልሰው?

ጎንደር ሄደህ ታከም ይሉታል። እሺ ይላል፣ አይሄድም። ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው፤ ሳሉጎቹም ይመጣሉ። የፊልሙ ጥራት እንዴት ነው ሲሉት ስልካቸውን ይቀበልና፣ «እናንተው እዩት» ይላል።